አዲስ መንገድ ከመክፈታችን በፊት
(በጅማ የእግር ተጓዦች ማህበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ጅርቱ! እንኳን ደህና መጣችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ደግሞ ሥራችሁን ትታችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ ገበሬ ወገኖቻችን፣ የፊት ወንበር የእናንተ ነው። የምንሄደው በእናንተ ደጃፍ ነውና።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዘንድሮ ከአባላት በብዛት የመጣው ጥያቄ አዲስ መንገድ እንክፈት የሚል ነው። አንዱ በለጤ ጌራ ደን ይላል፣ ሌላው ከፋ ውስጥ ቦንጋ ድረስ እንሂድ ይላል። የከፋ ደን እኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ ሆኖ፣ የተመዘገበ ነው፤ ማየት ማን ይጠላል? በለጤም ቢሆን ዋቡብ የሚባሉት የደን ማህበራት ስላሉ እነሱን ሳናማክር ዝም ብለን አንገባም። ለሁሉም ጊዜ አለው። ዛሬ የምለምናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። ያለችንን ዙሪያ መንገድ መጀመሪያ ደህና አድርገን እንያዛት።

ከቦዬ ውሃ ዳር ተነስታ፣ በማሳው አልፋ፣ በቡናው ጥላ አቀበቱን ወጥታ፣ በሌላ በኩል ዞራ መነሻችን ላይ ታደርሰናለች። ባሕር የለንም። ግን ረግረግ ውሃና ጥላ ደን በአንድ ጠዋት በእግር የሚያዳርስ ከተማ ስንት አለ?

ዙሪያ መሆኗ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በሄዱበት መመለስ ያንኑ መሬት ሁለቴ መርገጥ ነው፤ ደግሞ ሂያጅና መጪ በጠባብ ቦታ ሲገናኙ አንዱ የግድ ወደ ሰው ቡና ይገባል። ስለዚህ ሁላችንም በአንድ አቅጣጫ እንሂድ። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ አቀበቱ። ጠዋት ወፉ ብዙ ነው፣ ፀሐይዋም ገና ናት። ቀትር ላይ ደግሞ ከዋንዛውና ከአምባቤሳው ሥር እንሆናለን፣ ጉሬዛውም እዚያው ነው።

ስለ ሰዓት ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ጎህ ሳይቀድ እንነሳ የምትሉ ወዳጆቼ፣ ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል፣ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ አደጋ ያለው በእሱና በውሃው መሀል ስትገኙ ነው። በደንብ ሲነጋ እንነሳለን፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ክረምት ላይም ወደ ቄጠማው አንጠጋ። ያቺ አክሊል የደፋችው ረጅም ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በእርጥቡ ወቅት እዚያው ረግረጉ ውስጥ ነው።

ስለ ቆሻሻም ልናገር። ከከተማችን በአዌቱ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ቦዬን አልፎ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው፣ 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ግድብ። የጣልነው ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ የት እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ይዘነው የሄድነውን ይዘነው እንመለስ።

አሁን ዋናው። ምንጩ አጠገብ ያለውን ቦታ ታውቁታላችሁ። ቀይ አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሰው ጫማው እንዳይጨቀይ ዳር ዳሩን ይሄዳል። በማግስቱ ያ ዳር ራሱ ጭቃ ይሆናል፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ሌላ ዳር ይፈልጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሰው ብቻ ታሳልፍ የነበረች መንገድ ዛሬ ጋሪ የሚያዞር ሜዳ ሆናለች። ጠርዙ ላይ ሦስት የቡና ችግኞች ነበሩ፤ ግንዳቸው ከእርሳስ አይወፍርም፣ ዙሪያቸውን በእሾህ ታጥረዋል። እሾሁ ተገፍቶ ሁለቱ ተሰብረዋል። ባለቤቷ እናት አንድም ቃል አልተናገሩንም። ጎንበስ ብለው እሾሁን ሰብስበው የቀረችዋን መልሰው አጠሩ። ቡና ፍሬ እስኪይዝ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል እኮ! እኔ ያንን ቦታ ሳልፍ አሁንም ይከነክነኛል።

ስለዚህ ጭቃው መሀል ግቡ። ቦት ጫማና ዱላ ያዙ፣ ጫማ ይታጠባል። መንገዱን ደግሞ ውሃው እንዳያበላሸው በየርቀቱ አግድም መውረጃ መቅደድ፣ እግር የሚዋጥበት ቦታ ላይ ድንጋይ ማንጠፍ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ከባለመሬቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሥራውን እነሱ ይምሩት፣ ለጉልበታቸውም ይከፈላቸው። ለቲሸርት የተያዘውን ገንዘብ ወደዚህ እናዙረው የሚል ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ።

የብሪታንያ አንድ ክፍል የሆነችው ዌልስ በ2012 እ.ኤ.አ. 1400 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ዳር የእግር መንገድ ከፍታለች። ሰዉ በባሕሩ ጠርዝ ሄዶ በደኑና በእርሻው ዞሮ ይመለሳል፣ ብዙው ቦታ የግለሰብ መሬት ነው። እዚያ ተጓዥ የሚማረው ደንብ ቀላል ነው፦ የአጥሩን በር ተዘግቶ ካገኘኸው ዝጋው፣ ተከፍቶ ካገኘኸው ተወው። እኛም ከዚህ አንጀምርም?

በመጨረሻ የለቀማው ወቅት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰዉ ቡናው ላይ ነው፣ ጀንፈሉ በየማድረቂያ አልጋውና በየደጁ ተሰጥቷል። በነዚህ ወራት የላይኛውን መንገድ ትተን የውሃ ዳሩን ብቻ እንሂድ። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ቡናው ያብባል፤ ያኔ ባለቤቶቹ ከፈቀዱልን ያንን ሽታ እያሸተትን እንወጣለን። አበባው የሚቆየው ጥቂት ቀን ስለሆነ ስልካችሁን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ፣ በአጭር ጊዜ ነው የምንጠራችሁ።

የመጀመሪያው አጀንዳ የምንጩ አጠገብ ጥገና ነው። ቡናው እየተቀዳ ነው፣ አቦሉን ይዛችሁ ቁጭ በሉና መጀመሪያ ገበሬዎቻችን ይናገሩ። ስብሰባው ተከፍቷል።