ሰርፋክታንትን ከቄራ ወደ ፍላስክ ማምጣት
(ደሴ ላይ ለፋርማሲና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ? የተከበራችሁ መምህራን፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ተማሪዎች፤

የዛሬው ጉዳያችን ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል ነጭ ፈሳሽ ነው፤ ሰርፋክታንት፣ ማለትም የሳንባን የገጽ ውጥረት ዝቅ የሚያደርግ የቅባትና የፕሮቲን ውሕድ። ያለጊዜው ለተወለደ፣ አንድ ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በመተንፈሻ ቱቦ የሚሰጠው ፖራክታንት የተባለው የሰርፋክታንት መድኃኒት የመጀመሪያ መጠን ይኸው ነው፤ 200 ሚሊ ግራም ይሆናል። የሚዘጋጀው ከአሳማ ሳንባ ነው። ወሎ ላይ ይህን ሲሰማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፊቱን ቢያጠቁር አይገርምም። ከከብት ሳንባ የሚሠራም አለ፤ የሁለቱም መነሻ ግን ቄራ ነው።

በሰውነት ሙቀት የውኃ የገጽ ውጥረት 70 ሚሊ ኒውተን በሜትር ያህል ነው። ጤናማ ሰርፋክታንት አየር ስናስወጣ ወደ ዜሮ ያስጠጋዋል። በሕፃናቱ ሳንባ ውስጥ የጎደለው ይህ መሆኑን ኤቨሪና ሚድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 አሳዩ። ከዚያ ዲፒፒሲ የተባለውን ዋናውን ቅባት ከሄክሳዴካኖልና ከታይሎክሳፖል ጋር ያዋሃደው፣ ፕሮቲን የሌለው ኤክሶሰርፍ መጣ፤ ከእንስሳ የተገኙት ግን በለጡት። ቅባቱን ገጹ ላይ ቶሎ የሚዘረጋው ፕሮቲን ነው።

ችግሩም እዚያው ነው። በሰርፋክታንት ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ኤስፒ-ሲ የተባለው ቅርጹን ሲያጣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይረጋል። ሌላው ፕሮቲን ኤስፒ-ቢ 79 አሚኖ አሲድ አለው፤ በሰልፈር ድልድዮች የታሰረ ስለሆነ በትክክል ማጠፍ ያደክማል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጫፍና ጫፉን አገናኝተው አሳጠሩት። ቢ-ዋይኤል የተባለው 41 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ሲስቲኖቹን በታይሮሲን፣ ሜቲዮኒኖቹን በሉሲን ተክቷል። ሰልፈር ከሌለ የሚሳሳት ድልድይም፣ በኦክስጅን የሚበላሽ ሜቲዮኒንም የለም። በእኛ አስተያየት ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

ለ10 ሚሊ ሊትር የቤተ ሙከራ ናሙና 175 ሚሊ ግራም ዲፒፒሲ፣ እንዲሁም ፒኦፒሲና ፒኦፒጂ ከተባሉ ሌሎች ሁለት ቅባቶች 105 እና 70 ሚሊ ግራም በቅደም ተከተል እንውሰድ። ፒኦፒጂ አሉታዊ ሙላት ስላለው አዎንታዊውን ፔፕታይድ ይዞ ያስቀራል። ቅባቶቹ በክሎሮፎርም፣ 10 ሚሊ ግራም ያህል ፔፕታይድ በትራይፍሉሮኢታኖል ይሟሙና ይቀላቀላሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ሚዛኑ ያሳየው ሁሉ ፔፕታይድ አይደለም፤ ፔፕታይዱ ሲሠራ የተረፈ ትራይፍሉሮአሴቲክ አሲድ ጨው ሆኖ አብሮ ይመዘናል። ካልተወገደ ፒኤቹን ያወርዳል፤ አሲዱም ቅባቱን እየሰነጠቀ ሊሶ ቅባት፣ ማለትም አንድ ሰንሰለቱን ያጣ ቅባት፣ ያደርገዋል። ሊሶ ቅባት ደግሞ የሰርፋክታንት ጠላት ነው።

ፈሳሹ በሮታሪ ኢቫፖሬተር ተንኖ በፍላስኩ ግድግዳ ላይ እንደ ስስ ልባስ ይቀራል። የደሴ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጌጃችሁ ከአካባቢው አየር አንጻር የሚለካ ከሆነና «ከዜሮ በታች 0.5 ባር» የሚል መመሪያ ከተከተላችሁ፣ ፍላስኩ ውስጥ የሚቀረው 0.5 ሳይሆን 0.25 ባር ነው። በ40 ዲግሪ መታጠቢያ ክሎሮፎርሙ ድንገት ይገነፍልና ቅባቱን ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወጣል። ፍጹማዊ ግፊት የሚለካ ጌጅ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ከዚያ የቀረው ሽታ እስኪጠፋ ሳይሆን ልባሱ ክብደት መቀነስ እስኪያቆም በቫኪዩም ይደርቃል።

ማርጠቢያው ፒኤቹ 7 የሆነ የጨው ውኃ ነው፤ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፣ ፍላስኩ እየዞረ። ዲፒፒሲ የሚለሰልሰው በ41 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ብታረጥቡት ግድግዳው ላይ ተቆራርጦ ይቀራል፤ የተጻፈው 35 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትርም ወረቀት ላይ ብቻ ይሆናል።

ቅዝቃዜና መጠን እንዴት እንደሚያስቸግሩ ሉሲናክታንት አሳይቷል። 21 አሚኖ አሲድ ያለውን ኬኤል-4 የያዘው ይህ መድኃኒት በ2012 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ ጄል ስለሚሆን በ44 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ መሞቅና መናወጥ ነበረበት፤ መጠኑም በኪሎ 5.8 ሚሊ ሊትር፣ ከፖራክታንት እጥፍ በላይ። የሌሊት ተረኛ ነርስ ሕፃኑ እያጣጣረ 15 ደቂቃ ስትጠብቅ አስቡት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ።

ናሙናችሁ ለሕፃን አይደለም፤ ለመለኪያ ነው። በታሰረ አረፋ መለኪያ፣ በ37 ዲግሪ፣ አረፋው ሲጠብ ውጥረቱ ከ5 ሚሊ ኒውተን በሜትር በታች ካልወረደ መጀመሪያ ፒኤቹን፣ ቀጥሎ ሊሶ ቅባቱን ፈትሹ። ከወረደ ትንሽ የደም ፕላዝማ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ፤ በታመመ ሳንባ ውስጥ ሰርፋክታንቱን የሚጠብቀው ፕላዝማው ነውና።