አፐርቸሩ ሲጠብ ሸተሩ ለምን ይፈጥናል?

[ምስል፦ የካሜራ ስክሪን፣ 1/1000 በቀይ]

የመጀመሪያዋን ፉጂፊልም ኤክስ100 ይዛችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወጣችሁ እንበል። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ/2፣ ሸተሩ (ለብርሃኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል) አውቶ ላይ ነው። የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ፍጥነቱ 1/1000 ሰከንድ ላይ ይቆማል፣ ቁጥሩ ይቀላል፣ ፎቶው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ካሜራዋ ግን ጤነኛ ናት፤ ኤፍ/4 ላይ እስከ 1/2000፣ ኤፍ/8 ላይ እስከ 1/4000 ትሄዳለች።

[ምስል፦ የሌፍ ሸተር ቅጠሎች፣ በዝግታ]

ሌንሳቸው የሚቀያየር አብዛኞቹ ካሜራዎች ሸተራቸው ሴንሰሩ ፊት ያለ መጋረጃ ነው። ኤክስ100 ያላት ሌፍ ሸተር ግን ሌንሱ ውስጥ፣ አፐርቸሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ስስ ቅጠሎቹ ከመሃል ወደ ዳር ይከፈቱና ተመልሰው ይዘጋሉ። ኤፍ/2 ላይ ዳር ድረስ መጓዝ አለባቸው፤ ኤፍ/8 ላይ ገና ትንሽ ገለል ሲሉ ቀዳዳው በሙሉ ይታያል።

ሌላም ጣጣ አለው። ለስሌት እንዲመች ቅጠሎቹ ለመከፈት 1 ሚሊሰከንድ ይፈጁ፣ 1 ሚሊሰከንድ ክፍት ይቆዩ፣ በ1 ሚሊሰከንድ ይዘጉ። በሰፊ አፐርቸር፣ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያልፈው ብርሃን በአማካይ ግማሽ ስለሆነ ድምሩ 2 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 1/500 ይሆናል። በጣም ጠባብ አፐርቸር ላይ ግን ቀዳዳው ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ተገልጦ ስለሚቆይ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ 1/333 ገደማ። መደወያው ሁለቱንም ጊዜ 500 ነው የሚለው!

ዲጂታሎቹ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያካክሳሉ። እንደ ሃሰልብላድ 500ሲ ባሉ መካኒካል የፊልም ካሜራዎች ግን ሥራው የእናንተ ነው። ኔጋቲቭ ፊልም ግማሽ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ቢበዛበት ይችለዋል፤ ስላይድ አይምርም። በኤፍ/22 ስታነሱ 1/500ን ትታችሁ ወደ 1/60 ውረዱ፣ ብርሃኑ ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ጨምሩ። 1/30 ላይማ 33 ሚሊሰከንድ ስለሆነ የ1 ሚሊሰከንድ ጭማሪ አይታወቅም።

[ምስል፦ የኤንዲ ማብሪያ]

ወደ ኤክስ100 እንመለስ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ላይ ጠራራ ፀሐይ ኤፍ/2ን 1/12800 ያስጠይቀዋል። ውስጧ ያለው ኤንዲ 3 ስቶፕ ይቀንሳል፤ 1/1600 ሆነ፣ አሁንም ከ1/1000 በላይ ነው። ወደ ኤፍ/2.8 ስትዘጉት 1/800 ይበቃል።

ይህን ሁሉ ጣጣ እንድንታገሰው የሚያደርገን ፍላሽ ነው። ቅጠሎቹ ምስሉን በሙሉ አንድ ላይ ስለሚገልጡት 1/1000 ላይም ፍላሽ ይሠራል፤ የመጋረጃ ሸተር ብዙውን ጊዜ 1/200 ወይም 1/250 ላይ ይገታል። ሆኖም የአንዳንድ ትልልቅ የስቱዲዮ ፍላሾች ብርሃን ሳያልቅ ሸተሩ ይዘጋበታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ አፐርቸሩን ሳትነኩ፣ በ1/250 እና በ1/1000 አንሱ፤ ሁለተኛው ከጨለመ ፍላሹ እየተቆረጠ ነው።