ባይራና አሪዎች፦ የ4,500 ዓመት ዝምድና

(ምስል፦ የጋሞ ደጋ፣ የዋሻ አፍ)

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጋሞ ደጋማ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,963 ሜትር ከፍታ ላይ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። የአገሩ ሽማግሌዎች ለአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ያመለከቱት ይህ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቆፈር፣ ከድንጋይ ክምር ሥር ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ የአንድ ወንድ አፅም ተገኘ። ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ ታላቅ፣ በኩር ማለት ነው።

(ምስል፦ የአጥንት ዱቄት በጠባብ ብልቃጥ)

ሰው ሲሞት ዲኤንኤው መበጣጠስ ይጀምራል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። አፍሪካ የሰው ልጅ መገኛ ሆና ሳለ በጥንታዊ ዲኤንኤ ጥናት ወደ ኋላ ከቀረችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሞታ ግን ቀዝቃዛ ነው። ተመራማሪዎቹ የውስጥ ጆሮን ከከበበው እጅግ ድፍን አጥንት ጥቂት ዱቄት ቦርቡረው ወሰዱ። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የባይራ አይደለም፤ የባክቴሪያም፣ አፅሙን የነካ ሰውም ዲኤንኤ ይገባበታል። እውነተኛውን የሚያስለየው ጉዳቱ ነው፦ በጥንታዊ ቁራጮች ጫፍ ላይ «ሲ» የተባለው ኬሚካላዊ ፊደል በዘመን ብዛት ተበላሽቶ «ቲ» ሆኖ ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ውጤት ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጂኖም (የዲኤንኤው ጠቅላላ ጽሑፍ) ነበር። ከምዕራብ እስያ አቅጣጫ የመጡ ሰዎች የዘር አሻራ በብዙ የዛሬ ኢትዮጵያውያን ላይ በግልጽ ሲታይ፣ በባይራ ላይ የለም። የጥናቱ ጸሐፊዎች ይህ አሻራ በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል ብለው ነበር፤ በኮምፒውተር ትንተናው ላይ ስሕተት መኖሩ ሲታወቅ ግን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረሙት፤ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ያሉት ጸንቶ ቀረ።

(ምስል፦ የአንጥረኛ ወናፍና ፍም)

ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች መካከል ለባይራ እጅግ የሚቀርቡት የደቡብ ኦሞ አሪዎች ናቸው። ይህ እርሱ የአሪዎች ቀጥተኛ አያት ነው ማለት አይደለም፤ እርሱ የወጣበት ሕዝብ ዘር በእነርሱ ዘንድ በብዛት ተጠብቋል ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ስለ አሪ ቀጥቃጮች የተደረሰበት ነው። ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ ጋር እንዳይጋቡ ለዘመናት ተከልክለው ኖረዋል፤ አንዳንድ ምሁራንም ከገበሬዎቹ የተለየ፣ የጥንት አዳኝ ሕዝብ ቅሪት ናቸው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተከፈሉ መሆናቸውን አሳየ። ቀጥቃጮቹ በዘረመል የተለዩ የመሰሉት ከሌላ ዘር መጥተው ሳይሆን፣ ተገልለው በጥቂት ቤተሰቦች መካከል ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው ነው።