የምናስተምርበት ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ይኑረው
(በደሴ ከተማ ለድረ ገጽ ግንባታ ሠልጣኞች ምረቃ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ለመጣችሁም ልዩ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

የምረቃውን የደስታ ቃል ከእኔ የቀደሙት በሚገባ ስለተናገሩ፣ የተሰጠኝን ጊዜ ሲያንገበግበኝ ለኖረ አንድ ጉዳይ ልጠቀምበት። ጀማሪዎችን ጊዜው ባለፈበት ትምህርት እያደከምን፣ ጊዜው ማለፉን ግን አንነግራቸውም።

ዛሬ ከምትመረቁት መካከል አንዲት ልጅ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት በሌላ ቦታ ተመዝግባ ነበር። እዚያ የተሰጣት ሃንድአውት ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ሽፋኑ የጠፋ፣ መቼ እንደተጻፈም የማይናገር ነበር። ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኘውን «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የተባለ ትእዛዝ ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጠች፤ ኮምፒዩተሩ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አላት። ነጠላ ሰረዝ የጎደለ መስሏት ፈለገች፣ ጥቅሶቹን ቀያየረች፣ ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። መጨረሻ ላይ አሠልጣኟን ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ይህ ሙያ ለአንቺ አይሆንም» የሚል ነበር። ልጅቷ ግን አንድም ፊደል አልሳተችም! ያ የትእዛዝ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ2013 ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ተፈርጆ፣ በ2015 መጨረሻ ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ጭራሹኑ ተወግዷል። አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት አንቀበልም፤ ለልጆቻችን አእምሮ የሚሰጠውን ወረቀት ግን ሳንጠይቅ እንቀበላለን። ይህ በቃ ሊባል ይገባል!

አሮጌው ሁሉ ይጣል ማለቴ እንዳልሆነ ተረዱልኝ። ነገ ፒያሳ ባለ ቢሮ ወይም ኮምቦልቻ ባለ ፋብሪካ ስትቀጠሩ፣ ገጹ በሙሉ በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ የተሠራ ድረ ገጽ ልትረከቡ ትችላላችሁ። ያንን የሠሩ ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። የገጽን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው የሲኤስኤስ ቋንቋ የመጀመሪያው ደረጃ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. ቢጸድቅም፣ ድረ ገጽ የሚከፍቱት ፕሮግራሞች፣ ማለትም ብራውዘሮች፣ ለዓመታት እኩል ስላልተረጎሙት ሠንጠረዡ በጊዜው የሚታመን መፍትሔ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄይኩዌሪ የተባለ የተዘጋጀ ኮድ ስብስብም የብራውዘሮችን ልዩነት ስላቻቻለ ተወዳጅ ሆነ። ዛሬ ሥራውን አብዛኛውን ብራውዘሮቹ በራሳቸው ይሠሩታል፤ ሆኖም እጅግ ብዙ ድረ ገጾች አሁንም ስለሚጠቀሙበት አንብባችሁ ልትረዱት ይገባል።

ጀማሪውን ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ ገና የሚሠራው አሮጌ ነገር ነው። ጽሑፍን መሐል የሚያደርገው «ሴንተር» እና ጽሑፍን የሚያንሸራትተው «ማርኪ» የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ከሆነው ከኤችቲኤምኤል 5 ደንብ ውጭ ቢሆኑም በብራውዘር ላይ ይታያሉ፤ ጀማሪውም ስለሠራለት ብቻ ትክክል ይመስለዋል። በድረ ገጽ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስልና ጨዋታ ያሳይ የነበረው ፍላሽ ግን ከዚህ ይለያል። ባለቤቱ ኩባንያ አዶቤ ድጋፉን በ2020 መጨረሻ አቁሞ ከጥር 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዘቱ እንዳይከፈት አግዶታል፤ ስለዚህ እርሱን ለመጫን የሚባክን ሌሊት አይኑር።

ተመራቂዎች ሆይ፣ ትእዛዝ እምቢ ሲላችሁ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ለየትኛው ሥሪት (ቨርዥን) እንደተጻፈ ጠይቁ። ኤምዲኤን የተባለው የድረ ገጽ ሠሪዎች ማጣቀሻ ጊዜው ባለፈበት ነገር ላይ ምልክት ስለሚያደርግ እርሱን ማየት ልማድ ይሁንላችሁ።

አሠልጣኞችን ደግሞ በእነዚህ ወላጆች ፊት እጠይቃለሁ፦ ለመጪው ዙር የሚባዛ እያንዳንዱ ሃንድአውት የተጻፈበት ዓመትና የሚሠራበት ሥሪት በመጀመሪያው ገጹ ላይ ይጻፍበት። በእጃችሁ ያሉትን ጽሑፎች ብታመጡልኝ፣ የሞተውን ከሕያው ለመለየት ያለ ክፍያ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።