የጥጋብ ጸሎት፤ ስለ በኵራት ዕንቅብ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ አንድ ዕንቅብ ነው የማወራው፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሳይፈርስ የጥንት እስራኤላዊ ገበሬ በኵራቱን፣ ማለትም የመጀመሪያ ፍሬውን፣ ለአምላኩ ይወስድበት ስለነበረው ዕንቅብ።

በእኛ ቋንቋ «ጠገበ» ስንል ሆዱ ሞላ ማለታችን ነው፤ ትዕቢት ያዘው ማለታችንም ነው። ዘዳግም 8 የሚፈራው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ቁጥር 10 ላይ በልተህ ስትጠግብ አምላክህን ባርክ ይላል። ቁጥር 17 ላይ ደግሞ ሀብቱን ያመጣው የገዛ ጉልበቴ ነው እንዳትል ያስጠነቅቃል። ምስጋናው የታዘዘው ለጠገበ ሰው ነው። አፈጻጸሙን ምዕራፍ 26 ይነግረናል፤ ዝርዝሩ ያለው ግን በአይሁድ የቃል ሕግ፣ በሚሽና ነው።

ገበሬው እርሻው ወርዶ ቀድማ የበሰለች በለስ ሲያይ በቄጠማ ያስራትና «ይህች በኵራት ናት» ይላል። ገና ዛፉ ላይ እያለች ማለት ነው፤ ገበያውን አይቶ፣ የተረፈውን ቆጥሮ አይደለም። የሚቀርበው ከሰባቱ ነው፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራና የተምር ማር። ለኢየሩሳሌም የቀረበ እሸቱን በለስና ወይን ያመጣል፤ የራቀው፣ መንገድ ላይ እንዳይበላሽበት፣ የደረቀውን። ለይቶት ከበሰበሰ ወይም ከተሰረቀ ሌላ ይተካል፤ ያኔ ግን ቃሉን አይናገርም።

ቃሉ የቱ ነው? ዘዳግም 26፣ ከቁጥር 5 እስከ 10። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አጀማመሩ ነው። ሰውየው ትከሻው ላይ ሙሉ ዕንቅብ ተሸክሞ አባቴ ተንከራታች ሶርያዊ ነበር ይላል። በቁጥር ጥቂት ሆኖ ግብፅ ወረደ፣ አስጨነቁን፣ ጮኽን፣ እግዚአብሔር ሰማን፣ አወጣን። ስለ ፍሬው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም «አንተ የሰጠኸኝ» ብሎ። ንጉሥም ቢሆን ከመሸከሙ አይቀርም፤ የአይሁድ ንጉሥ አግሪጳ ሳይቀር ዕንቅቡን በትከሻው ተሸክሞ ገባ ይላል ሚሽናው።

ጊዜም አለው። ከሱባዔ በዓል (ከበዓለ ሃምሳ) እስከ ዳስ በዓል የመጣ ቃሉን ይናገራል። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ ገደማ እስከሚውለው የመብራት በዓል፣ እስከ ሐኑካ ድረስ ፍሬውን ይሰጣል እንጂ ቃሉን አይናገርም፤ የመከር ደስታው አልፏልና።

አንድ ችግር ግን ተፈጠረ። ቃሉ በዕብራይስጥ ነው። በመጀመሪያ የሚችል ራሱ ይላል፣ የማይችለውን ሌላ ሰው ያስብለው ነበር። የማይችሉት አፈሩ፤ ማምጣቱን ተዉት። ታዲያ ምን ተደረገ? የሚችለውም የማይችለውም እኩል ተከትሎ እንዲል ተደነገገ። በኵራት ሲወሰድ ቀንዱ ወርቅ የተቀባ በሬ ከፊት ይሄዳል፣ ዋሽንት ይነፋል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ሰልፍ ሁሉ ይህች ድንጋጌ ትበልጣለች።

ግን እዚያው፣ ቀጥሎ፣ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ባለጠጎች በብርና በወርቅ ዕቃ ያመጣሉ፤ ድሆች ልጡ በተላጠ የአኻያ ዘንግ በተሠራ ዕንቅብ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የባለጠጋው ዕቃ ይመለስለታል፤ የድሃው ዕንቅብ ከነፍሬው ካህኑ ዘንድ ይቀራል። ሚሽናውን የሚያብራራው ታልሙድም አላለፈውም፤ ድህነት ድሃን ይከተላል ለሚለው አባባል ምስክር አድርጎ የጠቀሰው ይህንኑ ዕንቅብ ነው።