ቡሄ ካለ የለም ክረምት

ጤና ይስጥልኝ። ከድምፄ ጀርባ የሚሰማችሁ የመቅረጫ ብልሽት አይደለም፤ ዝናብ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ በክረምት ድምፅ መቅረጽ የዕብድ ሥራ መሆኑን ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም እስኪያባራ እየጠበቅኩ ነበር የምቀርጸው። ዛሬ ግን የማወራው ስለ እሱው ስለሆነ ይጩኽ ብዬ ተውኩት። በመሐል የልጆች ጩኸት ከሰማችሁም የጎረቤት ልጆች ናቸው። ዛሬ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ቀን ነው። ዝናቡ ጸበል ነውና ግቢው ውስጥ ልብሳቸውን አውልቀው እየተጠመቁ ነው። እኔ ዘንድሮ በበቂ ሁኔታ ተጠምቄአለሁ።

ነገሩ የሆነው በቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ማታ ነው። ቤታችን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። አያቴ በ1950ዎቹ ያሠሩት ጭቃ ቤት ነው፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ከተራራው የወረደ ባሕር ዛፍ። እናቴ ለሙልሙል ያቦካችው ሊጥ ሳሎኑ መሐል በትልቅ ሳፋ ተቀምጧል። ኩፍ እንዲልላት በነጠላ ሸፍናዋለች። የሰፈሩ ልጆች በዱላቸው መሬት እየደበደቡ «ሆያ ሆዬ» ብለው፣ ድርሻቸውን ተቀብለው ገና መሄዳቸው ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ አየችና «ምን ይሆናል፤ ቡሄ ካለ የለም ክረምት» አለች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ከላይ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ፤ ድመት መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የኮርኒሱ ችፑድ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ታች ተነፋ። አፌን ከፍቼ እያየሁት ተቀደደና ውኃ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የስንት ዓመት አቧራና አንድ ነጭ ነገር በአንድ ላይ ወረዱ። የወረዱትም ሊጡ ላይ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። እኔ የ43 ዓመት ሴት ሮጬ የያዝኩት ሳፋውን ነው፤ ሊጥ ላድን! እናቴ፣ በ76 ዓመቷ፣ ወደ ቆጣሪው ሮጣ ብሬከሩን አወረደችው። የቤታችን የኤሌክትሪክ ሽቦ የድሮ ነው፤ በእንጨቱ ላይ በሚስማር ተይዞ የሄደ፣ ልባሱ ጨርቅ የሆነ። ውኃው በአምፖሉ ገመድ በኩል እየተንጠባጠበ ነበር። እኔ እርጥብ ሊጥ ታቅፌ እርጥብ ሊሾ ላይ ቆሜአለሁ። በጨለማው ውስጥ የእናቴ ድምፅ ብቻ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ሊጡን ተይውና ጫማ አድርጊ!»

ጎረቤቶቻችን ድምፁን ሰምተው በባትሪ መጡ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነው ያለው። አንዱ ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ ትርፍ ቤት ተብሎ የቀበሌ ሆኗል። አያቴ በዚያ ነገር እስኪሞቱ ሆዳቸው እንደቆሰለ ነበር ይባላል። እኔ ግን ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር ነው ያደግኩት። በዚያች ሌሊት ከዘመድ በፊት የደረሱልን እነሱ ናቸው፤ በማግስቱ የቡሄን ሙልሙል የበላነውም ከእነሱ ምጣድ ነው። ታሪክ እንዲህ ዓይነት ነገርም ይሠራል።

እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ውኃ ስናፍስ፣ ጭቃ ስንጠርግ ቆየን። በመጨረሻ የእናቴ መኝታ ቤት ገብተን ሁለታችን በአንድ አልጋ ተኛን። ያ ክፍል በኋላ የተቀጠለ ነው፤ ጣሪያውም ኮርኒሱም ለብቻው ነው። ቢያንስ እዚህ አስተማማኝ ነው አልኩ። እናቴ ምንም አልመለሰችልኝም፤ ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት ፍርስራሹን ሳነሳ ነጩን ነገር አገኘሁት። ባልዲ ነው። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ። ከየት መጣ? ከኮርኒስና ከጣሪያ መካከል የቀለም ባልዲ ምን ይሠራል?

እዚያ ቦታ፣ ሳሎኑ መሐል ኮርኒሱ ላይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቡናማ ጥላ ነበር። ቡና የፈሰሰበት ይመስላል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቀለም እንቀባዋለን፤ ጥቂት ወራት ነጭ ሆኖ ይቆይና ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ወደዚያ እንዳይሄድ ሶፋውን ራሱ አዙረን ነበር ያስቀመጥነው። እንዲያ ሆነን ስንት ዓመት ኖርን፤ አንድም ቀን ግን «ይህ ጥላ ከምን መጣ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አባቴ በክረምት፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መሰላሉን ወደ ዕቃ ቤት ያስገባ ነበር። «ኮርኒሱን ልየው» ይላል። በዕቃ ቤቱ ጣራ ሥር አንድ ሰው የምታሾልክ በር አለች። ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። በጓሮ በኩል ውኃ ሲደፋ ይሰማል፤ አሸንዳው ነው ብለን እናልፈዋለን። ወንድሜና እኔ እዚያ የሚወጣው ከእናታችን ንዝንዝ ለማረፍ ነው እያልን እንሳሳቅ ነበር። አባቴ ባለፈው ኅዳር፣ በ81 ዓመቱ አረፈ። ይህ ያለ እሱ የመጀመሪያው ክረምት ነው።

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። በሁለት ወራጆች መካከል የተጋደመ ሳንቃ ነበረ፤ ነቀዝ የበላው፣ በመሐሉ የተሰበረ። በዚያ በኩል የንፋስ መግቢያዋ ቀዳዳ ላይ፣ እጀታው የጠቆረ የእናቴ ጆግ ተንጠልጥሏል። ያን ጆግ በልጅነቴ ሰበርሽው ተብዬ ተገርፌበታለሁ። ሰው በ43 ዓመቱ ነፃ ሲወጣ ደስ ይለዋል፤ ግን ለማን ይነገራል?

ቀና ስል ቀዳዳው ታየኝ። አንዲት ሚስማር የገባችበት ቀዳዳ፣ ዙሪያዋን ዝጎ አምስት ሳንቲም ያህል የሰፋች። አናጺው በኋላ ሲያያት ሳቀ። «ይህን የመታው አናጺ አይደለም» አለኝ። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው እንጂ በሸለቆው ውስጥ አይደለም፤ ውኃ የሚሄደው በሸለቆው ነውና። ሚስማሩ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ይቀድዳል፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ዝገቱ እየበላ ይሄዳል። «ማነው እዚህ ሸለቆ ውስጥ የመታው?» ሲለኝ ወዲያው አወቅኩት።

ታኅሣሥ 1980። የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የፍጻሜው ዕለት ሳሎናችን በሰፈር ሰው ጢም ብሎ ቴሌቪዥኑ ምስል እምቢ አለ። አባቴ መዶሻውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ አንቴናውን አዙሮ በሽቦ አሰረው፣ ሽቦውን በሚስማር መታው። «መጣ! መጣ!» ስንል ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸነፈች፤ አባቴም ግቡን ራሱ ያገባ ይመስል በሰው ትከሻ ላይ ሆነ። ወሩ በጋ ነው። ያችን ቀዳዳ ሰኔ እስኪገባ ማንም አላወቃትም።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሳላሰላ አላልፍም። ከ1980 ክረምት እስከ 2016 ክረምት 37 ክረምት ነው። በአንድ ክረምት 12 እሑድ ብንይዝ 444 ጊዜ። አባቴ አንዲት ሚስማር ለመደበቅ 444 ጊዜ መሰላል ወጥቷል። አንድ ቆርቆሮ ቢቀይር ያልቅ ነበር!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል በሞተ ሰው ተናድጄ ከረምኩ። ፎቶግራፉን በቡፌው ላይ አልፌ ስሄድ «ለምን አትናገርም ነበር?» እለው ነበር፤ ድምፅ አውጥቼ። ለአንዲት ሚስማር ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመ ሰው ሌላ ምን ምን ተሸክሞ ይሆን ብዬ ስጠይቅ ነው ንዴቴ ወደ ሌላ ነገር የተለወጠው። ምን እንደሆነ ስም አላገኘሁለትም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሰውየው ሳይሞክር አልቀረም። ቀዳዳዋ ላይ ሬንጅ በጆንያ ተለጥፎበት ነበር፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሦስት አራት ጊዜ። የበጋው ፀሐይ ሬንጁን ሰነጣጥቆታል። ቆርቆሮውን ለመቀየር ደግሞ ጣሪያው ላይ መራመድ ያስፈልጋል፤ በድሮ ጣሪያ ላይ ደግሞ አንድ ቀዳዳ ለመድፈን የወጣ ሰው አምስት ከፍቶ ይወርዳል። አናጺውም የሠራው ረጅም ሳንቃ ዘርግቶ፣ በደረቱ ተኝቶ ነው። የአያቴ ቆርቆሮ ግን ወፍራም ነው ብሎ አደነቀልን። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሱቅ ሄጄ ባለ 35 ጌጁ የተሻለ መስሎኝ ልገዛ ነበር፤ «እሱማ ወረቀት ነው» ብሎ አስጣለኝ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው የአባቴ ብቻ አይደለም። «ሰፈሩ ይፈርሳል» የሚለውን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እንደ እኛ ባለ ሰፈር የሚኖር አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል። ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ ማን ይገዛል? ዘንድሮ እንጠግነው ስትል ከርሞ ይነሣል ይሉሃል፤ ከርሞ ይመጣል፣ ቤቱ ቆሟል፣ ያንተ ሐሳብ ግን ቆሞ ቀርቷል። ከቨርጂኒያ ወንድሜ ደውሎ ያለኝም ይህንኑ ነው። «ገንዘብሽን እዚያ ቤት ላይ አታፍስሺ።» በሌላ ጊዜ ቢሆን እስማማለሁ። «እሺ፤ እስኪፈርስ ድረስ ግን ባልዲውን ማን ይድፋ?» አልኩት። ዝም አለ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ የተወው ይመስላል።

ከጣሪያው ይልቅ ያስቸገረን ግድግዳው ነው። ውኃው ከኮርኒሱ በላይ ዞሮ በአንድ በኩል ወደ ግድግዳው ገብቶ ኖሮ፣ ምርጊቱ አብጦ ተላቀቀ፤ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ታየ። ከአናጺው ጋር የመጣው ወጣት በሲሚንቶ እንለስነው አለ። አናጺው ግን አልተቀበለውም። ሲሚንቶ ጭቃን አይዝም፣ እርጥበቱንም ከውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ይበሰብሳል አለ። ስለዚህ አፈር ተነፋ፣ የጤፍ ጭድ ገባበት፣ ተረገጠ። ለቀናት እየተገላበጠ እንዲቦካ ተተወ። የቦካ ጭቃ ሽታ ታውቃላችሁ? ግማሹ በረት፣ ግማሹ የልጅነት ሽታ ነው። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ገብታ ስትረግጥ ተው የሚላት አላገኘችም፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኳት። በዚህ እርጥበት ግን አልደረቀም፤ አሁንም ጥቁር እንደሆነ ነው።

አዲሱ ቆርቆሮ ከገባ ወዲህ ሳሎናችን ጠብታ አልገባበትም። ኮርኒሱን አላስደፈንኩም፤ ተገላልጦ ወራጆቹን ሳያቸው ይሻለኛል።

እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብዬ ነበር ይህን ዝግጅት ያሰብኩት። ዛሬ ጠዋት ግን ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፣ እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እኔ መኝታ ቤት ያለውንስ ደፋሽው?»

«ምኑን?»

«ባልዲውን ነዋ። አባትሽ ሁለት ነበር የሚደፋው።»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ታውቅ እንደነበር ጠየቅኳት። «እሱ እንዳላውቅ ይፈልግ ነበር» አለች፤ ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

መሰላላችንን ሰኞ ዕለት ለጎረቤት አውሼዋለሁ። እስከ ቀትር እመልሳለሁ ብሎኛል፤ እሱን እየጠበቅኩ ነው ይህን የምቀርጸው። ዝናቡም፣ እንደምትሰሙት፣ እየጨመረ ነው። በሩ እየተንኳኳ መሰለኝ። ይቅርታ፣ ልሂድ።