ራሱን በደንብ የሚሸጥ ሁሉ ዕቃችሁን ይሸጣል ማለት አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ወይ የራሳችሁ ድርጅት አላችሁ፣ ወይ ለድርጅት ሰው ትቀጥራላችሁ። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የማርኬቲንግ ማናጀር መቅጠር ከብዙ ቅጥር ይከብዳል። አካውንታንት ስትቀጥሩ አፉ ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም ሂሳቡን ፊቱ አስቀምጣችሁ ታዩታላችሁ። ማርኬቲንግ ላይ ግን አመልካቹ ኢንተርቪው ላይ የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ራሱን ማስተዋወቅ፣ ልትቀጥሩት ከፈለጋችሁት ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ተመሳሰለ እንጂ አንድ አይደለም። አንደበቱ የተፈታ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ስላይዱ ያማረ ሰው ይገባና ገና ሳይጨርስ ሁሉም በልቡ "ይሄ ነው!" ይላል። ልብ በሉ፤ ያ ሰው የሸጠው ራሱን ነው፣ ለአንድ ሰዓት፣ ያውም ለመግዛት ተዘጋጅቶ ለተቀመጠ ሰው። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ስማችሁን ሰምቶ ለማያውቅ፣ ሥራ ለበዛበት፣ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ላሰበ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሸጥ የሚችል ባለሙያ ነው።

ስለዚህ አመልካቹ ስለራሱ የሚያወራውን ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ አንድ ነገር እዩ። ስለ ደንበኛው ለማወቅ ምን ያህል ይጓጓል? ለእኔ ከሁሉ የሚቀድመው ይሄ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒል ማክኤልሮይ የሚባል የአሜሪካው ሳሙና አምራች የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ወጣት ሠራተኛ ለአለቆቹ የሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። የሚሠራው ካሜይ በተባለ ሳሙና ላይ ነበር። ካሜይ ከሌሎች ድርጅቶች ሳሙና ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ድርጅት ታዋቂ ሳሙና ከአይቮሪ ጋርም ይፎካከር ነበር፣ እና በቂ ትኩረት አላገኘም። ማክኤልሮይ ሰው ይቀጠርልኝ አለ። ለእያንዳንዱ ብራንድ ኃላፊነቱን ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው ይኑር አለ። ዛሬ ብራንድ ማናጀር የምንለው ሥራ መነሻው ይኸው ማስታወሻ እንደሆነ ይነገራል። እኔን የሚገርመኝ ሥራውን የዘረዘረበት መንገድ ነው። ሰውየው መጀመሪያ የብራንዱን ሽያጭ በየአካባቢው ያጥና። በደንብ በሚሸጥበት ቦታ ምን እንደሠራለት ይለይና ያንኑ ሌላ ቦታ ይሞክረው። በማይሸጥበት ቦታ ደግሞ ራሱ ይሂድ፣ ነጋዴውንም ተጠቃሚውንም አነጋግሮ ችግሩን ይወቅ። ዕቅዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ማክኤልሮይ ኋላ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆኗል፣ በ1957 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር።) ዛሬ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ብታዩ የሶፍትዌር ስም ተደርድሮ ታገኛላችሁ። "ሄዶ ደንበኛ የሚያነጋግር" የሚል ግን ብዙም አይታይም።

ታዲያ ይሄንን ጉጉት እንዴት እንለየው? የምወደውን መንገድ ልንገራችሁ። የሦስት ወር የሽያጭ ሠንጠረዥ በአንድ ወረቀት ላይ አዘጋጁ። አንድ አካባቢ ላይ በሁለተኛው ወር ሽያጩ ወረድ ይበል። ምንም ማብራሪያ ሳትሰጡ ለአመልካቹ አቀብሉትና ዝም በሉ። አንዱ ወረቀቱን ገና ሳያነበው "እዚህ ጋ ጠንከር ያለ የሶሻል ሚዲያ ካምፔይን ያስፈልጋል" ይላችኋል። ሌላዋ ደግሞ ወረቀቱን ትንሽ ታየዋለች፣ እስክሪብቶ አውጥታ የወረደችው ቁጥር ላይ ታከብባለች፣ ከዚያ ትጠይቃለች። "በዚያ ወር ዕቃው ነበር ወይስ አልቆ ነበር? ዋጋ ጨምራችኋል? አከፋፋዩ ያው የድሮው ነው? የቀሩት ደንበኞች አዲሶቹ ናቸው ወይስ የቆዩት?" ይቺ ሴት አነጋገሯ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን እንኳ እኔ ሁለቴ አላስብም። ዕቃው አልቆ ከነበረ እኮ የዓለም ምርጥ ማስታወቂያ ቢሠራ ደንበኛውን ባዶ መደርደሪያ ድረስ አምጥቶ ማናደድ ነው!

ሁለተኛው ነገር ከቁጥር ጋር ያለው ታማኝነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነው። ሲቪ ላይ "ሽያጭ በዚህን ያህል ፐርሰንት አሳደግኩ" የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ጥያቄው አንድ ነው። አንተ ባትኖር ምን ያህል ያድግ ነበር? ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ውስጥ የነበሩ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ሰው ያሁና ኤምኤስኤን በተባሉት የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ላይ "ኢቤይ" ብሎ ሲፈልግ ከላይ የሚወጣው የተከፈለበት ማስታወቂያ ነበር። በ2012 አቋርጠው አዩት። ሰዎቹ አልጠፉም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከታች ያለውን ነጻ ሊንክ ተጭነው መጡ። ለነገሩ ስሙን ጽፎ የሚፈልግ ሰው ድሮም ሊመጣ ነበር። በ2017 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ ከዲጂታል ማስታወቂያው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ፣ ሽያጩም በዚህ ምክንያት እንዳልተጎዳ ራሱ ድርጅቱ ተናገረ። ማስታወቂያ አይሠራም እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። የትኛው እንደሚሠራና የትኛው ዝም ብሎ ገንዘብ እንደሚበላ ለማወቅ የሚጨነቅ፣ ካወቀም በኋላ የራሱን ሥራ "ይሄኛው አልሠራም፣ እናቁመው" ብሎ አለቃው ፊት የሚናገር ሰው ፈልጉ እያልኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጣም ውድ ነው። ስለዚህ "ያልተሳካ ካምፔይንህን ንገረኝ፣ አለመሳካቱን በምን አወቅክ፣ ከዚያስ ምን አደረግክ?" በሉት። "በጀት አነሰን" ብሎ ካለፈ ልብ በሉ። ፎሎወርና ቪው ብቻ ከቆጠረላችሁም እንዲሁ።

ቁጥር ማንበብ ማለት ደግሞ ቁጥሩ ያልተጠየቀውን ማወቅም ነው። ኮካ ኮላ በ1985 ጣዕሙን ሲቀይር ወደ 200 ሺህ በሚጠጋ ሰው ላይ የቅምሻ ሙከራ አድርጎ ነበር፣ ብዙዎቹም አዲሱን መርጠዋል። ግን የድሮው ከገበያ ቢጠፋ ሰው ምን ይሰማዋል የሚለው በቅምሻ አይታወቅም። ሕዝቡ ተቆጣ፣ በ79 ቀን ውስጥም የድሮው ተመለሰ። ጥሩ የማርኬቲንግ ሰው መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ያሳስበዋል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሶፍትዌር ይማራል፣ አታስጨንቁት። ዲግሪ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፈጠራ የምትሉትን ደግሞ በአንድ አንቀጽ ታዩታላችሁ። "ይህን ምርት ለአንድ ለምታውቀው ሰው በአምስት መስመር ጻፍለት" በሉት። ማን እንደሚያነበው አስቦ የጻፈና ቃላት የደረደረ ወዲያው ይለያያሉ።

ከሽያጭ ክፍል ጋር መግባባቱ ግን ቸል የሚባል አይደለም። ሽያጮቹ "የምታመጡልን ደንበኛ አይረባም" ይላሉ፣ ማርኬቲንጎቹ "እኛ እናመጣለን፣ እናንተ መሸጥ አቃታችሁ" ይላሉ፣ በመሀል ድርጅቱ ይጎዳል። ከሽያጭ ሠራተኛ ጋር አብሮ ደንበኛ ጋ የሄደ ማናጀር ይህን ጠብ ያበርደዋል። ስለዚህ "ለመጨረሻ ጊዜ ደንበኛ ፊት ለፊት ያነጋገርከው መቼ ነው? ምን አለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደንበኛው ያለውን በራሱ ቃል የሚነግራችሁ ሰው አዳምጧል ማለት ነው።

አሁን ስለ እኛ ስለቀጣሪዎቹ ላውራ። እባካችሁ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ ነጥብ ስጡ፣ ነጥቡንም እርስ በርስ ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት። አሰልቺ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን በዘርፉ ለአሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶችን እንደገና የመረመረ በ2022 የታተመ ጥናት የወደፊት የሥራ ብቃትን ለመተንበይ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘው ይህን ዓይነቱን የተደራጀ ቃለ መጠይቅ ነው። የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት ብቻውን የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። እኛ ግን ዛሬም ማጣሪያችን "ቢያንስ አሥር ዓመት" ነው።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ሳልናገር አልወርድም። የሙከራ ሥራ ስጡ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ለሦስት ሰዓት ያህል የሚሆን ይሁን፣ ከዚያ ከበለጠ ክፈሉ። አምስት አመልካች ጠርቶ ሙሉ የዓመት ዕቅድ አሠርቶ፣ ማንንም ሳይቀጥር ሐሳቡን ወስዶ መጠቀም ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም። ጥሩ ባለሙያዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ወሬውም ቶሎ ይዞራል።

ከመቅጠራችሁ በፊት ደግሞ ሥልጣኑን ወስኑ። ማርኬቲንግ ሲባል ምርቱ፣ ዋጋው፣ የሚሸጥበት ቦታና ማስተዋወቁ ናቸው። ጄሮም ማካርቲ በ1960 እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ካስቀመጣቸው ወዲህ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይላቸዋል። እኛ ግን አራተኛውን ብቻ ሰጥተን የአራቱን ውጤት እንጠይቃለን። ዋጋ ላይ ድምፅ የሌለው፣ ምርቱ ሲቀየር በመጨረሻ የሚሰማ ሰው ማናጀር ሳይሆን ፖስተር አሠሪ ነው። ጠንካራ አመልካች ይህን ራሱ ይጠይቃችኋል። "ዋጋ ማን ነው የሚወስነው? ምርቱ ላይ ቅሬታ ባመጣ ማን ይሰማኛል?" ይላል። ይህን ሲጠይቅ ቅር አይበላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ።

በመጨረሻ፣ ሪፈረንስ ስትደውሉ የቀድሞ አለቃውን ብቻ አታናግሩ። አመልካቹን አስፈቅዳችሁ አብሮት ከነበረ የሽያጭ ሠራተኛ ጋርም ደውሉ። "ጎበዝ ነው ወይ?" አትበሉ፣ ሁሉም "አዎ" ይላል። "እሱ የሚያመጣው ነገር ሥራችሁን አቅልሎላችኋል? አንድ ምሳሌ ስጡኝ" በሉ። ምሳሌው ቶሎ ከመጣ ጥሩ ነው። ስልኩ ዝም ካለ ግን ሌላ ሰው ጋ ደውሉ።

አመሰግናለሁ። ጊዜ አለን፣ ጥያቄያችሁን ልስማ።